እምቦሳ የሚታሰርበት ቤት

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ስንሄድ ደፉን እየተሻገርን «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱ ደግሞ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተን የምንለው ይህንኑ ነው። ምርቃቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥጃውን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። እምቦሳ ገና የተወለደ ጥጃ ነው። በገጠር ጥጃ ቤት ውስጥ የሚታሰረው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው ደጋ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ውጭ ያደረ እምቦሳ ከብርዱ ቢተርፍ ከጅብ አይተርፍም። ከእናቱ ጋር ቢያድር ሌሊቱን ሁሉ ሲጠባ ያድርና ለጠዋት የሚታለብ አይቀርም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ጥጃዋ ቤት የታሰረባት ላም ግቷ ሲወጠር ማንም ሳይነዳት ከግጦሽ ትመለሳለች።

ከገጠር የወጣ ሰው ስለ ከብት ሲያወራ አፉ ላይ የሚቀድመው ወተቱ ነው፤ እርጎው፣ እንገሩ፣ በቅቤ የራሰው ቂጣ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የደጋ ገበሬ ላም የሚይዘው በመጀመሪያ በሬ እንድትወልድለት ነው። ወተቱ ከጥጃው ድርሻ ተቀንሶ የሚወሰድ ነው። የገጠሩን ኑሮ በናፍቆት ብቻ ሳይሆን በትክክል ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የቤቱ አሠራር፣ የአለባው ልክ፣ የገለባው ክምር፣ ሌላው ቀርቶ የኩበቱ ብዛት የሚገባን በሬው መሀል ላይ ሲቆም ነው።

ጋጣው የሚሠራው ከቤቱ ዝቅ ባለው ወገን ነው፤ ሽንቱ ወደ ሰው መኝታ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲፈስ። ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተነጠፈበት ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ የከበደች ላም ትንሸራተታለች። ለአንድ የአገር በሬ አንድ ሜትር ከሩብ ወርድና ሁለት ሜትር ገደማ ርዝመት ይበቃዋል። ግርግሙ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ይላል፤ ዝቅ ካለ ገለባውን በእግራቸው ጎትተው ያረክሱታል፣ የረከሰውን ደግሞ አይበሉትም። የእምቦሳው ካስማ ከወለሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይተከላል። ገመዱ ሁለት ክንድ ገደማ ቢሆን መልካም ነው፤ ሲያጥር ጥጃው መተኛት ያቅተዋል፣ ሲረዝም እግሩና አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። አንገቱ ላይ ያለው ቋጠሮ ሲሳብ የማይጠብቅ መሆን አለበት። በሸምቀቆ ታንቆ ያደረ ጥጃ የስንፍና ውጤት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከከብቱ የሚወጣው ሙቀት ቤቱን ሌሊት ያሞቀዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ለማቆየት ተብሎ ቀዳዳ ሁሉ መደፈን የለበትም። ጠዋት ወደ ጋጣው ሲገቡ ዓይን የሚለበልብ ከሆነ ሽንት ተጠራቅሟል፣ አየር አጥሯል ማለት ነው። ያ ሽታ በመጀመሪያ የሚጎዳው አፍንጫው ከወለሉ የማይርቀውን እምቦሳ ነው፤ ሲያስለው ከሰነበተ ምክንያቱን እዚያው ፈልጉ። ስለዚህ ከብቱ እንደወጣ አዛባው ይዛቃል፣ እርጥቡ ጉዝጓዝ ይወጣል፣ ከጥጃው ሥር ደረቅ ገለባ ይነሰነሳል። ይህ ሥራ በዓልም ሰንበትም አያውቅም።

ላሟ ስትወልድ የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ራሷ ትሠራዋለች። የጥጃው አፍንጫ ይጠረጋል፣ እትብቱ አዮዲን ይቀባል፣ እንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ይጠበቃል። ብዙውን ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወድቃል። ቀን ሞልቶት ካልወረደ በእጅ መጎተት ማህፀኗን ያበላሻል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ነው የሚያዋጣው። ከሁሉ የሚያስቸኩለው እንገሩ ነው። የአገር ጥጃ ሲወለድ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል እንገር ሊያገኝ ይገባዋል። በሽታ የሚከላከልለትን ነገር ከእናቱ የሚያገኘው በዚያ ብቻ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ አንጀቱ አያስገባውም። ተፈልቶ የሚረጋው፣ ልጆች የሚወዱት እንገር ጥጃው ከጠገበ በኋላ የሚተርፈው ነው።

አለባው እንዲህ ነው። ጥጃው ይፈታል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠባል፣ አፉ አረፋ ሲያወጣና የእናቱ ግት ሲለሰልስ ወተቱ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ተላቅቆ ከፊት እግሯ አጠገብ ይታሰራል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ጥጃውን ሳያሳዩ የአገር ላም ለማለብ መሞከር ድካም ነው። ደህና አላቢ አራቱንም ጡት አያደርቅም፤ ለጥጃው የሚሆን ያስቀራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በቀን የሚገኘው አንድ ሊትር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ነው። ጣና ዳር ያለው የፎገራ ዝርያ ከዚህ ይሻላል፤ ድቅል ላም ደግሞ ብዙ እጥፍ ትሰጣለች፣ ግን መኖዋም በዚያው ልክ ነው። ጥጃ ሲሞት ላሟ ወተቷን ትከለክላለች። ያን ጊዜ የጥጃው ቆዳ ተገፎ ጨው ይነሰነስበታል፣ ይደርቃል፣ ገለባ ተሞልቶ ፊቷ ይቆማል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ሲያዩት አንጀት የሚበላ ነገር ነው፤ ቤቱ ግን ያለ እሱ ወተት አያገኝም።

ቅቤው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መናጫው፣ ቅልም ይሁን ሸክላ፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቆ በወይራ ይታጠናል። የጋመ የወይራ ስንጥር ውስጡ ይከተታል፣ አፉ ይከደናል፣ ጭሱ እስኪወፍር ይወዘወዛል፤ ከዚያ ከሰሉ ተራግፎ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ጭሱ ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ወተቱ በክፉ እንዳይበላሽም ያግዛል። የየዕለቱ ወተት እየተጨመረ ሦስት አራት ቀን ይጠራቀማል፤ በብርድ ወቅት አምስት ቀን ሊደርስ ይችላል። ሲረጋ ይናጣል። መናጫው ከግማሽ ብዙ ማለፍ የለበትም፣ እርጎው የሚላተምበት ባዶ ቦታ ይፈልጋልና። መጀመሪያ አካባቢ በየጥቂት ደቂቃው ተከፍቶ ይተነፍሳል፤ አለዚያ አየሩ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

መድረሱ በጆሮ ይታወቃል። መጀመሪያ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ቅቤው ከአሬራው ሲለይ ውሃ እንደሚላተም ይሆናል። የተጠራጠረ አንድ የሰንደዶ ዘንግ ወደ ውስጥ ሰዶ ያወጣል፤ ዘንጉ ላይ ጤፍ ፍሬ የሚያህል ነጠብጣብ ከተጣበቀ ጥቂት ነው የቀረው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንጦ አረፋ ብቻ ከሆነ እርጎው በርዶታል፤ ጭልፋ ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል። ቅቤው ነጥቶ፣ ለስልሶ፣ እጅ ላይ ከቀለጠ ደግሞ ሞቆታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። የወጣው ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይታሻል፣ ውሃው እየተደፋ እየተቀየረ፣ ጥርት እስኪል ድረስ። ውስጡ የቀረ አሬራ ነው ቅቤን በሳምንቱ የሚያገማው። አሬራው በለሰለሰ እሳት ላይ ሳይማሰል ይቀመጣል፤ አይቡ ተሰብስቦ አጓቱ ሲጠራ ይወርዳል። እሳት ካየለበትና ከፈላ አይቡ ይጠጥራል፣ ጥርስ ስር ይንጣጣል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ለአንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ለምትሰጥ ላም ይህ የሁለት ሳምንት ወተት ነው፤ ያውም ቤተሰቡ አንድ ኩባያ ሳይጠጣ። ለክርስቲያኑ ደጋ የጾሙ ጊዜ እዚህ ላይ ይገባል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት አይቀመስም፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ስለዚህ ቅቤው ይጠራቀምና ለፋሲካ ይውላል፣ ወይ ገበያ ይወጣል። በሳር ቅጠል ጠቅልላ ለሸጠችው እናት ያቺ ቅቤ ጨው፣ ጋዝና የልጅ ደብተር ነች።

እዚያ ደጋ ላይ ከወተቱ ይልቅ በየቀኑ እጅ ላይ ያለው እበቱ ነው። ዛፉ አልቋል፤ ባሕር ዛፉም ለቤት ማገርና ለሽያጭ ነው የሚፈለገው፤ ምድጃው በኩበት ይነዳል። ኩበት የሚጠፈጠፈው ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። እበቱ ትኩስ ሳለ እብቅ ወይም የደቀቀ ገለባ ይደባለቅበትና ይታሻል፤ ሰፌድ በምታህል ክብ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ፣ ሁለት ጣት ውፍረት ተደርጎ ሣር ላይ ወይም የድንጋይ ካብ ላይ ይለጠፋል። በሦስተኛው አራተኛው ቀን ይገለበጣል፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱ ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ። ውፍረቱ ከበዛ ላዩ ደርቆ መሀሉ እርጥብ ይቀራል፤ ያ ኩበት አይነድም፣ ቤቱን በጭስ ይሞላል። አፈር የበዛበት ደግሞ ብዙ አመድ እንጂ ብዙ እሳት የለውም። በመጨረሻ ተከምሮ ላዩ በእበት ይለሰናል፤ የተለሰነው ቅርፊት ነው የክረምቱን ዝናብ የሚያንሸራትተው። የኩበት እሳት ቀስ ያለና የማይዋዥቅ ነው፤ ለድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሱን የሚተካከል የለም።

ይህ ሁሉ የሴቶችና የልጆች ጉልበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሥራ አይቆጠርም፣ መቆጠር ነበረበት። ሌላም ዋጋ አለው። የሚነደው እበት ለእርሻው የሚሆን ፍግ ነበር። በዚህ የተነሳ ጓሮው አመድና ጥራጊ ስለሚያገኝ ይጠቁራል፣ ጎመኑና ድንቹ ይፋፋል፤ ራቅ ያለው ማሳ ግን ከዓመት ዓመት ይሳሳል። ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። ማታ የሚበስል ነገር አለ፣ የሚነድ ሌላ ነገር የለም። እበት በማንደዱ የሚወቅሰው ሰው በመጀመሪያ ምን ያንድድ የሚለውን ይመልስ። ከጓሮው ወዲያ ያለ ማሳ የሚድነው ማገዶ የሚሆን ዛፍ ቤት አጠገብ ሲተከልና ኩበት የሚቆጥብ ምድጃ ሲኖር ነው።

እበት በአውድማም ሥራ አለው። እህሉ ከመውረዱ በፊት አውድማው በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ፍሬው ከአፈር እንዳይቀላቀል። ከብቱ እየዞረ ሲያበራይ አንዱ ሰው ዓይኑን ከጭራቸው አይነቅልም፤ በሬው ጭራውን ሲያነሳ እፍኝ ገለባ ይዞ ይሮጣል፣ እበቱን ነዶ ላይ ሳይወድቅ ይቀበለዋል። ከተማ ላደገ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ እህሉን ለሚበላው ግን ነገሩ ቀላል የንጽሕና ጉዳይ ነው።

ወደ በሬው እንመለስ። ወይፈን ለቀንበር የሚደርሰው በሦስት በአራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ ተሸክሞ ይንሸራሸራል፣ ቀጥሎ ግንድ ይጎትታል፣ ከዚያ ከሚያርስ አሮጌ በሬ ጋር ተጠምዶ ቀድሞ በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት ከረፋድ አይለፍ። የደከመ ወይፈን መሬት ላይ መተኛት ይማራል፤ መተኛት የተማረን ለማስተው ደግሞ ዓመት አይበቃም። ሁለቱ በሬዎች ጉልበታቸው እኩል ካልሆነ ምራኑ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር፣ ከቀንበሩ መሀል ሁለት ጣት ያህል ወደ ብርቱው ይጠጋል፤ ሸክሙ ወደሱ ያደላል፣ ደካማው ይቀልለታል። ይህን የማያውቅ አራሽ ደካማውን በጅራፍ ያለብሰዋል። ማነቆውና የቀንበሩ ሆድ ያልለሰለሰ ከሆነ ጫንቃው ይላጣል፤ የቆሰለ በሬ በእርሻ ወቅት መሀል መጥፋት ማለት ማሳው ግማሽ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጥማድ የምንለው መሬት ልኩ ከዚሁ የመጣ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። ጤፍ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ እንዲታረስለት ስለሚፈልግ አንድ ሄክታር ጤፍ ከ15 እስከ 20 ቀን የጥማድ ሥራ ይበላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ቀኑን ይካፈላሉ። ችግሩ ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ቀን መምጣቱ ነው። ቀኑ ያልደረሰው እርጥበቱ እያለፈበት ይጠብቃል፤ ምርቱም በዚያው ያንሳል። ምንም በሬ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይለምናል፣ ተራው ደግሞ መጨረሻ ነው።

በሬ ሲታጣ አገር ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ታሪክ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1888 በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው፣ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበትና ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ሆነ። መሬቱ ነበር፣ የሚያርሰው ግን አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በክትባት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው።

መኖው የዓመቱ ትልቁ ስሌት ነው። 300 ኪሎ የሚሆን በሬ በቀን 7 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለጥማዱ 14 ኪሎ። ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው 150 ቀን በዚህ ሲባዛ 21 ኩንታል ይመጣል። ይህ መልካም ምርት የሰጠ የአንድ ሄክታር ገብስ ገለባ ያህል ነው። ክምሩ ድንጋይና ጭራሮ ተነጥፎበት ካልተሠራ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ጫፉ ሾጠጥ ካላለ ዝናብ ይዘልቀዋል። ሻጋታ የያዘ ገለባ ለከበደች ላም አይሰጥም። ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ወይም የጠላ አተላ ሲረጭበት ግን ከብቱ ደረቁን ገለባ ጠርጎ ይበላል። መጥፎው ነገር የእርሻ ወቅት የሚጀምረው በሬው በጣም በከሳበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከቻሉ ከእርሻው በፊት ላለው አንድ ወር በቀን አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፈ) መስጠት በክረምቱ ማሳ ላይ ይታያል።

ከበሽታ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። በክረምት ማገጥ የሚባለውን የግጦሽ ተክል ለጋውን በባዶ ሆዱ የበላ ከብት በግራ ጎኑ ይነፋል። ግማሽ ሊትር ገደማ የምግብ ዘይት በዝግታ ይጋታል፣ ፊቱን ወደ ዳገት አድርጎ ይቆማል፣ አፉ ውስጥ እንጨት በአግድም ይታሰርለታል፣ እያላመጠ እንዲያገሳ። ከማሰማራት በፊት ገለባ ማብላት ግን ከሁሉም ይሻላል። ሁለተኛው አባ ሰንጋ ነው። ማታ ደህና የነበረ ከብት ጠዋት ሞቶ ከተገኘ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ አይገፈፍም፣ አይበለትም፣ ሥጋው አይታደልም። ሳይከፈት ሁለት ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል። ኪሳራው እንደሚያስቆጭ አውቃለሁ፤ ሥጋው ግን ሰው ይገድላል፣ ደሙ የፈሰሰበት ሣርም ለዓመታት ከብት ይገድላል። ክትባቱ በዓመት አንዴ ነው።

አሜሪካም ሆነ ዱባይ ያላችሁ፣ ለአባታችሁ የበሬ መግዣ የምትልኩ፣ ጊዜውን አስቡበት። በበዓል ሰሞን ሥጋ ገዢው፣ በሰኔ ደግሞ አራሹ ሁሉ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይንራል። በመካከሉ መላክ ይሻላል። አባት ገበያ ሲወጡ የበሬውን ጥርስ ያያሉ፤ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ ገና ወይፈን ነው፣ ስምንቱን የጨረሰ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ያለቀና የተፋረቀ ጥርስ ያለው አርጅቷል። ጫንቃው ላይ የቆየ ቀንበር ጠጉሩን ያሳሳበት ምልክት መኖሩን ይዳስሳሉ፤ የሚያርስ ለመሆኑ ከሻጩ ምላስ ይልቅ እሱ ይታመናል። ኮቴውን ያያሉ፣ ጥቂት ያስኬዱታል። አንድ ጥያቄ አለ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ በቀኝ ነው በግራ የሚጠመደው? በቀኝ የለመደ በሬ ግራ ሲገባ ይገፋል፣ ፈር ያበላሻል። ቤት ያለው በሬ ቀኝ ከሆነ የሚገዛው ግራ መሆን አለበት። አዲሱ እንደመጣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰራል፣ ይዞት የመጣው በሽታ ካለ እንዲታይ። ከዚያ ጋጣው ውስጥ ከጓደኛው ጎን፣ ወደፊት በሚጠመድበት ወገን፣ ይታሰርና ከአንድ ግርግም ይበላሉ። ቀንበሩ የሚመጣው መዋጋት ትተው መላላስ ሲጀምሩ ነው።